ደም የፈሰሰበትን ቀዬ ማን ያያል?

ሰው በሌሊት ተገድሎ ቢያድር፣ ያየ ዐይንም ባይገኝ፣ ገዳዩ እንዴት ይታወቃል? ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደጋንና በአካባቢዋ፣ ነጋዴና መንገደኛ በሚበዛበት ስፍራ፣ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ገዳዩ ካልታወቀ የሟች ዘመድ የጠረጠረውን ይገድላል፤ ቂሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በቀድሞዋ ኢትዮጵያ የተሰወረን ጥፋተኛ በመንፈስ ዐይን አሳያለሁ ይል የነበረው ሥርዓት ሌባሻይ ነው። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጥ ነበር፤ ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ተይዞ ይለቀቃል። ሰዎች ከኋላው ይከተላሉ። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል፣ የጠፋውንም ይከፍላል። ምስክር አያስፈልግም፤ መልስም አይሰማም። ደንዝዞ የሚንገዳገደው ልጅ ደጃፉ ላይ ሲደርስ አንድ ምስኪን ገበሬ ምን ይሰማው እንደነበር ማሰብ ያማል። አፄ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ይህን ልማድ አንሥተው ንጹሕ ሰው ይጎዳበት እንደነበረና እንዲቀር መደረጉን ጽፈዋል። መቅረቱ ተገቢ ነበር።

ጥፋተኛን ለማውጣት ያገለግል የነበረው አውጫጭኝ ግን ሌላ ነው። ወንጀል ሲደርስ የአካባቢው ሰው በሜዳ ይሰበሰብ ነበር፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣም መበተን የለም። ከሕዝቡ መካከል በምስጢር የሚመረጡ «ወፎች» ነበሩ። ሰው የሚያውቀውን ለእነሱ ሹክ ይላል፤ እነሱም የነገራቸውን ሰው ሳይጠሩ «ወፍ ነገረኝ» ብለው ያቀርባሉ። እዚህ ላይ ራእይ የለም። በግልጽ ከመሰከረ በቀል የሚጠብቀው ጎረቤት ነው በወፍ ስም የሚናገረው። የጠፋው ንብረት ሌባ ካልተገኘም ሕዝቡ በጋራ ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍል ነበር።

በወሎ የእነዚህ ወገን የሆነ፣ ዛሬም ያልጠፋ ሥርዓት አለ። ተመራማሪዋ ሜሮን ዘለቀ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚካሄደውን የሸኮች ችሎት መርምራለች። ባለጉዳዮች የነፍስ ግድያን ጭምር ይዘው ወደ ሸኮቹ ይመጣሉ። የችሎቱ ጉልበት ሸኩ ያያል፣ እርግማኑም ይደርሳል ከሚለው እምነት ይመጣል። የደበቀ ሰው ያንን እየፈራ አፉን ይከፍታል። ከሌባሻይ የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ጣት የሚቀስር ልጅ ሳይሆን ራሱ ጥፋተኛው ይናገራል።

ገዳዩ ሲታወቅም ነገሩ አያበቃም። የመደበኛው ፍርድ ቤት ሥራ ገዳዩን መቅጣት ነው። የታሰረው ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ግን የሟች ወገን ቂም ላይበርድ ይችላል። ስለዚህ የገዳይ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ደም ለማድረቅ ይለምናሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፣ ሁለቱ ወገኖችም ዳግም ላይጋደሉ ይማማላሉ።