የሚዳስሰው እጅ የማን ነው? የሲሊኮን ጡት ታሪክና «የተፈጥሯዊነት» መለኪያ



በቦሌና በአካባቢው ስለ ጡት ቀዶ ሕክምና ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ዝቅ ባለ ድምፅ ይከተላል፤ «ሲዳሰስ እንደ ተፈጥሮ ጡት ነውን?» ጥያቄው በአዳራሽ ሊነሣ የማይገባው ይመስላል። ነገር ግን ዕቃው ራሱ የተሠራው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ስለ ሆነ፣ የታሪክ ሰው ሊያልፈው አይችልም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1895 በጀርመን ሃይደልበርግ ቪንሴንዝ ቼርኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም ከአንዲት አርቲስት ጡት እጢ ካወጣ በኋላ፣ ጉድለቱን ከራሷ ወገብ በወሰደው የስብ እጢ ሞላው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ወደ ባዕድ ነገር ዞሩ። ፓራፊን በመርፌ ተወጋ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ስፖንጅ ተተከለ። ሁለቱም ሲገቡ ለስላሳ ነበሩ፤ ውለው አድረው ደነደኑ።

የሲሊኮኑ ዘመን የጀመረው በእጅ ስሜት ነው። በአሜሪካ ሂውስተን ፍራንክ ጌሮው የተባለ ሐኪም በፕላስቲክ ከረጢት የተሞላ ደም ጨብጦ የሴት ጡት እንደ መሰለው በሙያው ታሪክ ይተረካል። እርሱና ቶማስ ክሮኒን ዳው ኮርኒንግ ከተባለው ኩባንያ ጋር በሲሊኮን ጄል የተሞላ ከረጢት አዘጋጁ፤ በ1962ም ቲሚ ጂን ሊንድሴይ የመጀመሪያዋ ተቀባይ ሆነች። ሴትዮዋ ወደ ሐኪም ቤት የሄደችው ንቅሳቷን ለማስጠፋት ነበር። ማስተካከል የምትሻው ነገር ቢኖር ጆሮዋን ነበር። የደም ከረጢቱን የጨበጠው እጅም፣ ምኞቱን ያመጣው እጅም የእርሷ አልነበረም።

ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። ይህ አጥር ሲኮማተር ከረጢቱን ይጨምቀዋል፤ ጡቱም ይጠጥራል። በ1975 ቤከር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን መጠጠር በ4 ደረጃዎች ከፈለው። በመጀመሪያው ደረጃ ጡቱ ቀዶ ሕክምና ያልነካው ያህል ለስላሳ ነው፤ በ2ኛው ጠጠር ይላል፤ በ3ኛው ቅርጹም ይለወጣል፤ በ4ኛው ያማል። መለኪያው ዛሬም ይሠራበታል፤ መሣሪያውም የመርማሪው ዓይንና እጅ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ቁልፍ ሰነድ ይኸው መለኪያ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የቆዳና የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ፣ ጡቱ ተቆርጦ ከተሠራ ደግሞ በአብዛኛው ሊጠፋ ይችላል። ሴትዮዋ ራሷ ስትነካ ምን እንደሚሰማት የሚጠይቅ ደረጃ ግን በመለኪያው ውስጥ የለም። ሕመም የተጠቀሰው በመጨረሻው እርከን ላይ ብቻ ነው።

ልስላሴን ማሳደድ ዋጋ አስከፍሏል። በ1970ዎቹ አምራቾች ለእጅ የተመቸ እንዲሆን ሽፋኑን አሳሱት፣ ጄሉንም አቀጠኑት፤ ውጤቱ መቀደድና መንጠብ ነበር። ክስ በክስ ላይ ተደራረበ፤ በ1992 የአሜሪካ መንግሥት የሲሊኮን ጄሉን ለውበት መጠቀምን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2006 ነው። ጠባሳው እንዳይኮማተር ተብሎ የተፈለሰፈው ሻካራ ሽፋንም ከአንድ ዓይነት ሊምፎማ ጋር ተያይዞ፣ በ2019 የታወቀ አንድ ምርት ከዓለም ገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። በፈረንሳይ ፒፕ የተባለው ኩባንያ ለኢንዱስትሪ የሚውል ሲሊኮን ሲሞላ ኖሮ በ2010 ተጋልጧል። እጅ ይህን ሁሉ መለየት አይችልም፤ የተጭበረበረውም ሲዳሰስ ለስላሳ ነው።

በአገራችን ደግሞ ጡት ከቀዶ ሐኪም ፊት በብዛት የሚቀርበው በነቀርሳ ምክንያት ነው። የጡት ነቀርሳ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ቀዳሚው ነቀርሳ ሲሆን፣ ብዙዎች የሚመጡት ከገፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ጡቷ ተቆርጦ በጡት መያዣዋ ውስጥ እጥፍ ጨርቅ አድርጋ ወደ ሥራ የምትሄድ ሴት ስለ ተፈጥሯዊነት ስታስብ የሚያሳስባት የጎኖቿ ሚዛን፣ የልብሷ አቀማመጥ፣ ጎንበስ ስትል የጨርቁ መንሸራተት ነው። የእርሷ መለኪያ ከቤከር መለኪያ ይልቅ ለባለቤቲቱ የቀረበ ነው፤ በመጻሕፍቱ ግን ስም አልወጣለትም።

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ውጭ ሄዳ ተሠርታ የምትመለሰው ሴት ጉዳይ ሌላ ነው። ሐኪም እብጠት ፍለጋ ሲዳስሳት የከረጢቱ ጠርዝና እጥፋት እጁን ሊያሳስተው ይችላል፤ በማሞግራፊም ጊዜ ከረጢቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ተጨማሪ ምስል መነሣት አለበት። ስለዚህ ሲሊኮን እንዳላት ለመርማሪው መናገር ይኖርባታል፤ በይሉኝታ የሚደበቅ ነገር አይደለም። የአምራቹ ስም፣ ዓይነቱና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድም በእጇ ሊኖር ይገባል። የፒፕ ጉዳይ በተሰማ ጊዜ በውስጧ ያለው ምን እንደ ሆነ ወዲያው ማወቅ የቻለችው ያን ወረቀት ያስቀመጠችው ናት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።