የኢንዱስትሪ ቦይለር ቱቦዎች መሰንጠቅ፦ መንስኤውን የመለየት ሥርዓት

ቦይለር ውኃን በግፊት ውስጥ በማሞቅ ወደ እንፋሎት የሚለውጥ መሣሪያ ሲሆን፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በቢራ፣ በስኳርና በወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች እንዲሁም በሆስፒታሎች አገልግሎት ላይ ይውላል። በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። በአንደኛው የጋለ ጭስ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ ውኃውም በዙሪያቸው ይሆናል። በሌላው ደግሞ ውኃው በቱቦዎቹ ውስጥ ሲዘዋወር እሳቱ ከውጭ ያሞቃቸዋል።

በ10 ባር ግፊት የሚሠራ ቦይለር ውስጥ የሚገኘው ውኃ ሙቀቱ 184 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል። የተሰነጠቀ ቱቦ በድንገት ቢከፈት ግፊቱ ስለሚወርድ ከውኃው ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ በአካባቢው የሚገኝ ሠራተኛም ለከባድ ቃጠሎ ወይም ለሞት ይዳረጋል። ስለዚህ ስንጥቅ የምርት መስተጓጎል ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። የተጎዳውን ቱቦ መለወጥ ስንጥቁን ያስወግዳል እንጂ መንስኤውን አያስወግድም፤ መንስኤው ካልታወቀ አዲሱም ቱቦ በዚያው ቦታ ይሰነጠቃል።

1. ስንጥቁ ከመነካቱ በፊት

ቦይለሩ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይጠፋል፤ ቀስ በቀስ እንዲቀዘቅዝም ይደረጋል። በጋለ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ተጨማሪ ስንጥቅ ስለሚያስከትል የተከለከለ ነው። ግፊቱ ዜሮ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ የነዳጅ፣ የኤሌክትሪክ፣ የውኃና የእንፋሎት መስመሮች ተዘግተው ይቆለፋሉ። ወደ ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ካለ በቂ አየር መኖሩ በቅድሚያ ይለካል፤ በውጭ ሆኖ የሚጠብቀው ሰውም ይመደባል።

ስንጥቁ ከመታጠቡ፣ ከመፈግፈጉ ወይም ከመበየዱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል። የቱቦው ረድፍና ቁጥር፣ ስንጥቁ ያለበት ከፍታ፣ አቅጣጫውና ወደ እሳቱ የዞረው ጎን ይመዘገባሉ። በቱቦው ላይ ከተጋገረው ቅርፊት ናሙና ይወሰዳል። ቱቦው የሚቆረጠው ከስንጥቁ ራቅ ተብሎ በመጋዝ ነው፤ የጋዝ ነበልባል የብረቱን ውስጣዊ አቋም ስለሚለውጥ ማስረጃውን ያጠፋል።

2. ከስንጥቁ ገጽታ የሚገኝ መረጃ

• ጠርዙ እንደ ቢላ ስስ ሆኖ እንደ ዓሣ አፍ በሰፊው የተከፈተ ቁመታዊ ስንጥቅ፦ ውኃ በውስጡ በሚያልፍ ቱቦ ላይ የሚታይ ሲሆን፣ የውኃ ማነስን ወይም የቱቦ መደፈንን ተከትሎ የመጣ ድንገተኛ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል።
• ጠርዙ ወፍራም ሆኖ በዙሪያው ብዙ ጥቃቅን ቁመታዊ ስንጥቆች ያሉት፦ ለወራት ወይም ለዓመታት የቆየ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል፤ የተለመደው ምክንያትም ሙቀት እንዳያልፍ የሚያግድ ቅርፊት ነው።
• ጎን ለጎን የተደረደሩና በዝገት የተሞሉ ስንጥቆች፦ በብየዳና በድጋፍ አጠገብ በብዛት ይታያሉ። ተደጋጋሚ ማጥፋትና ማስነሣት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ማስገባት ወይም ቱቦው እንዳይለጠጥ መታገዱ ብረቱን ማድከሙን ያሳያሉ።
• እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈሉ፣ ብረቱን ሳያሳሱ የገቡ ስንጥቆች፦ ቱቦው ከሰሌዳው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ በዝግታ ውኃ ሲያንጠባጥብና ኮስቲክ ሶዳ ሲጠራቀም ይከሰታሉ።
• ጭስ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ጫፍና በቱቦ ቀዳዳዎች መካከል የሚታዩ ስንጥቆች፦ የጋለው ጭስ በሚገባበት በኩል ከሆኑ ቅርፊትን፣ የበርነር አለመስተካከልንና የሙቀት መለዋወጥን መመርመር ያስፈልጋል።

ገጽታ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። የተለያዩ መንስኤዎች ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ ውጤቱ የብረቱን ናሙና በማይክሮስኮፕ በመመርመር ይረጋገጣል።

3. ከመዝገብና ከውኃው የሚገኝ መረጃ

የውኃ ጥንካሬ፣ የፒኤች፣ የአልካሊነትና የሟሟ ጨው ልኬቶች፣ የውኃ ማነስ ማስጠንቀቂያዎች፣ ቦይለሩ የጠፋባቸውና የተነሣባቸው ጊዜያት እንዲሁም የቀድሞ ጥገናዎች ከስንጥቁ ቦታ ጋር ይነጻጸራሉ።

የውኃው ምንጭም ይታያል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ጠንካራ ውኃ በሚገኝባቸው ቦታዎች ማለስለሻው ከተዳከመ ቅርፊት በፍጥነት ይጋገራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ሶዲየም ባይካርቦኔት ይበዛባቸዋል፤ ይህም በቦይለር ውስጥ ተበታትኖ አልካሊነትን ከፍ ያደርጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ፣ ክፍት መጋቢ ታንከርን ከዚያ በላይ ማሞቅ አይቻልም። በውኃው የሚቀረው ኦክስጅን በኬሚካል ካልተወገደ ብረቱን ይቦረቡራል፤ ጉድጓዶቹም የስንጥቅ መነሻ ይሆናሉ።

4. የቴክኒክ ምርመራና ወደ ሥራ መመለስ

ዓይን የማያያቸውን ስንጥቆች ለመለየት ቀለም ሰርጎ የሚገባበት ወይም የመግነጢስ ብናኝ ምርመራ ይደረጋል፤ የቱቦው ውፍረት በአልትራሳውንድ ይለካል። ምርመራው በተሰነጠቀው ቱቦ ብቻ ሳይወሰን አጎራባቾቹንም ያካትታል። ከጥገና በኋላ የሚደረገው የውኃ ግፊት ሙከራ ማንጠባጠብ አለመኖሩን ያሳያል እንጂ መንስኤው መወገዱን አያረጋግጥም። በመሆኑም የመንስኤው ማስተካከያ፣ ማለትም የማለስለሻ፣ የበርነር ወይም የአሠራር ለውጥ፣ በጽሑፍ ተመዝግቦ ቦይለሩ ከመነሣቱ በፊት መፈጸም ይኖርበታል።

5. የአሠሪና የሠራተኛ ኃላፊነት

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራ ቦታው ለሠራተኞች ጤናና ደኅንነት አደጋ እንዳይሆን የመጠበቅ፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትንም መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሠራተኛም በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ለአሠሪው ወዲያውኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ማንጠባጠብ፣ ያልተለመደ ድምፅ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የውኃ ፍጆታ መጨመር የተመለከተ የቦይለር ኦፕሬተር የፈረቃው ማብቂያ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ሪፖርት ማድረግ አለበት።