አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ዳኝነት

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል የአበው ብሂል። ሰውን ከጉዳቱ መጠን ይልቅ አድልዎው እንደሚያቃጥለው ይህ አባባል በሚገባ ይገልጸዋል። ጅቡቲንና አዲስ አበባን ያስተሳሰረው የባቡር ሐዲድ ታሪክም ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ሐዲድ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከሸቀጡ ጋር በርካታ የውጭ አገር ሰዎችም ወደ ኢትዮጵያ ዘለቁ። የእነርሱን ዳኝነት የሚወስን ውል ጥር 10 ቀን 1908 እ.ኤ.አ. በአጼ ምኒልክ መንግሥትና በፈረንሳዩ መልእክተኛ በአንቶኒ ክሎቡኮውስኪ መካከል ተፈረመ። በውሉ አንቀጽ 7 መሠረት ፈረንሳውያን እርስ በርስ ሲካሰሱ የሚዳኙት በፈረንሳይ ችሎት ነበር። ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ቢሰየምም ቆንስሉ አብሮ ይቀመጣል፤ ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ የሚፈረደው በፈረንሳይ ሕግ ነው። ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ መብት ለዜጎቻቸው ጠየቁ። በመሆኑም ወንጀል ሲፈጸም «ምን አደረገ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የማን ዜጋ ነው?» የሚለው ይቀድም ጀመር።

የውሉ ደጋፊዎች የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር ገና አልተስማማም ሲሉ ይከራከሩ ነበር። ይሁን እንጂ በሐዲዱ ሌላ ጫፍ፣ ፈረንሳይ ራሷ በምትገዛት በጅቡቲ ከተማ፣ ነዋሪው «ዜጋ» እና «ተገዢ» ተብሎ ተከፍሎ ነበር። «አንዲጄና» በተባለው ሥርዓት የአስተዳደር ሹም የአገሬውን ሰው ያለ ችሎት ሊቀጣው ይችል ነበር። ፈረንሳዊው ሕጉን ይዞ ሐዲዱን ተከትሎ ሲወጣ፣ የጅቡቲው ተወላጅ ግን በገዛ ከተማው የዚያው ሕግ ጥላ አላረፈበትም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1930 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ብታወጣም የቆንስሎች መብት ወዲያው አልቀረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1942፣ ዳኝነቱ ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ተመለሰ፤ ያም ቢሆን የውጭ ዜጎች ጉዳይ እንግሊዛዊ ዳኛ ባለበት ችሎት እንዲታይ ውል ተገብቶ ነበር። በጅቡቲም አንዲጄና በ1946 ተሽሮ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ቀን በወጣው ሕግ ተገዢዎች ዜግነት አገኙ።

ዛሬም ቅጣት ቀለለ ተብሎ ሕዝብ ሲያጉረመርም፣ ቅሬታው ሁልጊዜ ምሕረትን ከመጥላት የመነጨ አይደለም። ያው ምሕረት ወገን ለሌለው ሰው ሲነፈግ እያየ ነው የሚያዝነው።