ግንቦት 10 በሐርጌሳ፦ ተጓዥ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ሐርጌሳ በየዓመቱ ግንቦት 10 በአረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ሰንደቅ ትደምቃለች። ነዋሪው ከማሕሙድ ሃይቤና ከሌሎቹ የከተማዋ ክፍሎች ወደ መሀል ከተማ ይወጣል። ዕለቱ ሶማሊላንድ በ1983 ዓ.ም. ከሶማሊያ መለየቷን በቡርዖ ያወጀችበት ነው፤ ደርግ ከመውደቁ 10 ቀናት ቀደም ብሎ ማለት ነው።

በበዓሉ ደስታና ሐዘን ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በመሀል ከተማ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት የ1980 ዓ.ም.ን የአየር ድብደባ ያስታውሳል። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከከተማዋ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ራሷን ደበደቡ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ፤ ብዙዎቹም ጅጅጋ አቅራቢያ በነበረው የሐርተሼክ መጠለያ ዓመታትን አሳለፉ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ እንግዳ በበዓሉ መካከል አገሩን በስደት የሚያውቁ አዛውንቶች ሊያጋጥሙት ይችላሉ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ በየብስ ደግሞ በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል መድረስ ይቻላል። አልኮል መጠጥ ክልክል ነው፤ አለባበስም ሰውነትን የሚሸፍን ሊሆን ይገባል። ሰዎችን፣ በተለይም ሴቶችንና የጸጥታ አባላትን፣ ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሰንደቁ ላይ የእስልምና የእምነት ምስክርነት ቃል ስለሰፈረ፣ መሬት ላይ መጣል ወይም መቀመጫ ማድረግ ነውር ነው።