ስድስተኛዋ ጥርስ የቷ ናት?

እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ ጥርሳችሁን ቁጠሩ። ከፊት፣ ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ጉንጫችሁ ስትሄዱ ስድስተኛዋ ትልቋ መንጋጋ ናት። ችግሩ እንዲህ ያለች ስድስተኛ አንድ ብቻ አይደለችም፤ ላይ ሁለት፣ ታች ሁለት፣ በድምሩ አራት ናቸው። ታዲያ ሐኪም «6 ትነቀል» ብሎ ቢጽፍ የምትነቀለው የቷ ናት?

ጥያቄውን የመለሰው መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በቪየና ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም አዶልፍ ዚግሞንዲ አፍን በመስቀለኛ መስመር ከአራት ከፈለው። አግድሙ የላዩን ከታቹ፣ ቁሙ ቀኙን ከግራው ይለያል። በየክፍሉ ያሉት ጥርሶች ከመሐል ወደ ዳር ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። በ1870 ደግሞ አሜሪካዊው ኮሪደን ፓልመር ተመሳሳይ ዘዴ ይዞ መጣ። ለአንድ ጥርስ ሙሉው መስቀል አያስፈልግም፤ አንድ ማዕዘን ይበቃል። ቁጥሩን ከቀኙና ከሥሩ መስመር ካቀፈው የታካሚው የላይኛው ቀኝ ጥርስ ማለት ነው። (ቀኙ በግራ የሚጻፈው ሐኪሙ ፊት ለፊት ሆኖ ስለሚያየን ነው።)

በእስክሪብቶ ይህ ቀላል ነው። ኪቦርድ ላይ ግን ቁጥሩ አለ፣ ማዕዘኑ የለም።

አንዱ መፍትሔ መስመሩን እርግፍ አድርጎ መተው ነው። አሜሪካኖች ጥርሶቹን በሙሉ ከ1 እስከ 32 ይቆጥራሉ። ዓለም አቀፉ የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን በተቀበለው ዘዴ ደግሞ የመጀመሪያው አኃዝ ከአራቱ ክፍሎች አንዱን፣ ሁለተኛው ጥርሱን ይናገራል። ሁለቱም ለመጻፍ ይመቻሉ። ጉዱ የሚመጣው ሲገናኙ ነው፤ «14» በአሜሪካኖቹ ቆጠራ የላይኛው ግራ ትልቅ መንጋጋ ስትሆን፣ በፌዴሬሽኑ ቆጠራ በላይኛው ቀኝ ከክራንቻ ቀጥላ ያለችው ናት። ከአገር አገር የሕክምና ወረቀት ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም።

ሌላው መፍትሔ ምልክቱን ራሱን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው። ይህን ያደረጉት ጃፓኖች ናቸው። በ2000 ባወጡት ብሔራዊ የፊደላት ስታንዳርድ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞቹን መስመሮች አካተቱ። ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ አንድ የጋራ መዝገብ የሆነው ዩኒኮድም ከዚያ ወስዶ፣ በ2002 በወጣው 3.2 እትሙ 15 ምልክቶችን መዘገበ። ከ9150 እስከ 9164 ያሉት ቁጥሮች የእነርሱ ናቸው።

«ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» እንዳትሉን። የእኛም ፊደል በዚሁ በር ነው የገባው። በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም «ሀ» 4608ኛዋ ሆነች። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ትርምስ ነበር። የጥርስ ሐኪሞቹ ችግርና የእኛ ችግር አንድ ነው፦ የጻፍነው ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ ያንኑ ይላል ወይ?

ቁጥር ማግኘት ግን የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ዩኒኮድ ለምልክቱ ቁጥር እንጂ ሥዕል አይሰጠውም፤ ሥዕሉን የሚሰጠው ፎንቱ ነው። ማዕዘኑ የሌለው ፎንት ባዶ ሣጥን ያሳየናል፤ «6» ትቀራለች፣ ቀኝና ግራዋ ይጠፋል። በዚያ ላይ ለሠንጠረዥ መሥሪያ የተመዘገቡ ሌሎች ማዕዘኖች አሉ። ለዓይን መንትያ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን ባዕድ ናቸው። አንዱን ጽፎ ሌላውን የሚፈልግ ሐኪም መዝገቡን ላያገኘው ይችላል።

አባቶቻችን «ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምር» ይላሉ። ቁጥርና መስመርም እንደዚያው ናቸው። ከተለያዩ ከአራት ስድስተኛ ጥርሶች አንዷን በግምት መንቀል ይመጣል፤ ግምቱ ደግሞ እኛው አፍ ውስጥ ነው።