ባዕድ ነገር መዋጥ (በአእምሮ ሕሙማን)

ሆን ብሎ ባዕድ ነገር መዋጥ የአእምሮ፣ የጨጓራና አንጀት እንዲሁም የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚሰበስብ ችግር ነው። ሕፃናት የሚውጡት ባብዛኛው በድንገት ነው፤ ሆን ብለው በሚውጡ አዋቂዎች ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የአእምሮ ሕመም፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም እስር አለ። አንዱን «ዋጠው» የሚል ድምፅ ያዝዘዋል፤ ሌላዋ ጭንቀቷን ለማስተንፈስ ትውጣለች፤ እስረኛው ከክፍሉ መውጫ ሰበብ ሊያደርገው ይችላል።

የተመዘገቡ ታሪኮች

በብዛት የሚጠቀሰው ታሪክ የአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በሴንት ጆሴፍ ከተማ የአእምሮ ሆስፒታል ትታከም ከነበረች ሴት ሆድ 1,446 ዕቃዎች ወጡ። 453ቱ ሚስማሮች፣ 42ቱ ብሎኖች ነበሩ፤ መርፌ ቁልፍ፣ የማንኪያ ጫፍ፣ የጨውና የቁንዶ በርበሬ መነስነሻ ክዳን ሳይቀር ተገኝቷል። ሴትዮዋ በቀዶ ሕክምናው ላይ ደም ፈስሷት ሞተች። ዕቃዎቹ ዛሬ በከተማዋ በሚገኘው ግሎር የሥነ አእምሮ ሙዚየም ተደርድረው ይታያሉ። ሚስማሩ አንድ በአንድ ሲቆጠር የሴትዮዋ ሕመም ግን ከታሪኩ ጠርዝ ላይ መቅረቱ ያስገርማል።

በኢትዮጵያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከአንድ ሰው ጨጓራ 122 ሚስማሮች በቀዶ ሕክምና ወጥተዋል። እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝሙ ነበር፤ ስፒል፣ ስቴኪኒና የጠርሙስ ስብርባሪም ነበረበት። ታካሚው ለ10 ዓመት ያህል በአእምሮ ሕመም የኖረ ሲሆን መድኃኒቱን ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በውሃ እያወራረደ ሳይውጣቸው እንዳልቀረ ሐኪሙ ገምተዋል።

ሕክምና

ራጅ ብረትን ያሳያል፤ እንጨትና ፕላስቲክ ግን ሊያመልጡት ይችላሉ። በጥቅሉ ከሚዋጡ ነገሮች ከ80 እስከ 90 በመቶው በሰገራ ይወጣሉ፤ ሆን ተብሎ ሲዋጥ ግን በኢንዶስኮፒ ማውጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ ይበዛል። ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ዕቃ የትንሹን አንጀት መታጠፊያ ማለፍ ስለሚያዳግተው እንደ አዲስ አበባው ሚስማር ጨጓራ ውስጥ ይከማቻል። የምግብ ቧንቧ ላይ የተሰነቀረ ክብ ባትሪ ወይም ሹል ነገር ግን ቀን አይሰጥም፤ በ2 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ እንዲወጣ የ2016 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ መመሪያ ይመክራል። አንጀት ከተበሳ ቀዶ ሕክምና ግድ ነው።

የአእምሮ ክትትል

ክትትሉ እንደ መንስኤው ይለያያል፤ ድምፅ ለሚሰማው መድኃኒት፣ ራሱን ለሚጎዳ የንግግር ሕክምና፣ አፈር ወይም ብረት ለሚያምረው የደም ማነስ ምርመራ ይደረጋል። ችግሩ መመላለሱ ነው፦ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ የወጣ ጥናት 305 የመዋጥ ክስተቶችን ሲመዘግብ ታካሚዎቹ 33 ብቻ ነበሩ።