የደረሱት መርከቦች ሒሳብ፦ «ስኔላንድ 1» እና የኖርዌይ ንግድ መርከበኞች በአትላንቲክ ጦርነት

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ «ስኔላንድ 1» የተባለችውን አነስተኛ የኖርዌይ የእንፋሎት መርከብ ተከትሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተካሄደውን የአትላንቲክ ጦርነት ከንግድ መርከበኞች ወገን ይመለከታል። መርከቧ በኦክቶበር 1940 ኤስሲ 7 በተባለው ቅፍለት (በአጃቢ የሚጓዝ የመርከቦች ሰልፍ) ላይ ከደረሰው ጥፋት ተርፋ፣ ጀርመን የእጅ መስጫ ሰነድ በፈረመችበት ዕለት ምሽት በስኮትላንድ ጠረፍ ሰጠመች። መከራከሪያው አንድ ነው፤ የዚህ ጦርነት ታሪክ ሲለካ የኖረው በሰጠሙት መርከቦች ነው፤ የንግድ መርከብ አገልግሎት ግን መለካት ያለበት ጭነቷን ባደረሰችባቸው ጉዞዎች ነው። የመለኪያው ጉድለት ከታሪክ ጸሐፊዎች አልፎ የኖርዌይ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ መርከበኞቹን በያዘበት መንገድም ታይቷል። ዘመኑና ወሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መግቢያ

የአትላንቲክ ጦርነት ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አዛዦች ስም ነው፤ ቀጥሎ የእንግሊዝ አጃቢ የጦር መርከቦች ይመጣሉ። ሁለቱም ወገኖች ጥንቁቅ መዝጋቢዎች ነበሩ። ቶርፔዶ የተተኮሰበት ሰዓት፣ የባሕሩ ሁኔታ፣ የተመታችው መርከብ ቶን ሳይቀር ተጽፎ ቀርቷል። የንግድ መርከብ ግን ወደዚህ መዝገብ የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ ስትመታ ነው። በደኅና ከደረሰች ጭነቷን ታራግፋለች፣ ከሰል ትሞላለች፣ ቀጣዩን ቅፍለት ትጠብቃለች፤ የሚጻፍላት ነገር የለም።

«ስኔላንድ 1» በሁለቱም መንገድ ስለተመዘገበች ለጥናት ትመቻለች። በ1922 የተሠራች፣ ጠቅላላ ምዝገባዋ 1,791 ቶን የሆነች የከሰል መርከብ ነበረች። በጦርነቱ መካከል አሜሪካ በብዛት ካመረተቻቸው የሊበርቲ መርከቦች ጋር ስትተያይ ሩብ ያህል ብትሆን ነው። ፍጥነት አልነበራትም፣ ዝናም አልነበራትም። ሆኖም ከጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት እስከ መጨረሻዋ ምሽት ባሕር ላይ ነበረች።

አገሩ የተያዘበት የመርከብ ሠራዊት

ጀርመን ኖርዌይን በኤፕሪል 9 ቀን 1940 ስትወር የኖርዌይ የንግድ መርከቦች ኃይል በዓለም አራተኛው ነበር። ከመርከቦቹ የሚበዙት በዚያ ዕለት ከአገራቸው ውጭ፣ በየውቅያኖሱና በየወደቡ ተበትነው ነበር። ከወራሪው ጋር አብሮ ሥልጣን ያዝሁ ያለው የክዊስሊንግ ወገን መርከቦቹ ወደ አገራቸው ወይም ወደ ገለልተኛ ወደቦች እንዲሄዱ በሬዲዮ አዘዘ፤ ካፒቴኖቹ ግን ትእዛዙን አልተቀበሉም። ሕጋዊው መንግሥት በበኩሉ ከወራሪው እየሸሸ ሳለ በኤፕሪል 22 ባወጣው ድንጋጌ በነፃው ዓለም ያለውን መርከብ ሁሉ በራሱ ሥር አደረገ። ይህን የሚያስተዳድረው ኖርትራሺፕ የተባለ ድርጅት በለንደን፣ ኋላም በኒውዮርክ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ ከ1,000 በላይ መርከቦችን ተረከበ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ይህን የሚያህል የመርከብ ድርጅት አልነበረም።

ንጉሥ ሆኮን ሰባተኛና መንግሥታቸው በጁን 1940 ለንደን ሲገቡ መሬታቸው በጠላት እጅ ነበር፤ ገቢያቸው ግን ባሕር ላይ ቀርቶላቸዋል። የስደት መንግሥቱ ወጪውን የሸፈነው በዋናነት መርከቦቹ ባስገቡት የጭነት ኪራይ ነው። በተባባሪዎቹ ዘንድ ክብር ያስገኙለትም እነዚሁ መርከቦች ነበሩ፤ በተለይ ዘመናዊዎቹ የነዳጅ ጫኝ መርከቦች ለብሪታንያ እጅግ አስፈላጊ ነበሩ። የነዳጅ ጫኞቹ ዝና ግን ትንንሾቹን የከሰል መርከቦች ጋርዷቸዋል። ብሪታንያ ነዳጅ ብቻ አልነበረም የጎደላት። ለማዕድን ጉድጓዶቿ መደገፊያ ግንድ፣ ለፋብሪካዎቿ የብረት ማዕድን፣ ለሕዝቧ እህል ያስፈልጋት ነበር። ይህን ሁሉ ከሚያመላልሱት አያሌዎቹ እንደ «ስኔላንድ 1» ያሉ አሮጌ መርከቦች ነበሩ።

የኤስሲ 7 ሌሊት

ከካናዳ ወደ ብሪታንያ የሚጓዙት ቅፍለቶች በፍጥነታቸው ይለያያሉ። ኤችኤክስ የተባሉት ፈጣኖቹ ናቸው። ኤስሲ የተባሉት ከኬፕ ብሬተኗ የሲድኒ ወደብ የሚነሡ ቀርፋፎች ሲሆኑ ከኦገስት 1940 ጀምሮ ነው የተደራጁት። ኤስሲ 7 በኦክቶበር 5 ቀን 1940 ሲነሣ 35 የንግድ መርከቦች ነበሩት፤ «ስኔላንድ 1» ከነዚህ አንዷ ነበረች። የቅፍለቱ አለቃ ምክትል አድሚራል ላክላን ማኪኖን «አሲሪያን» በተባለችው መርከብ ተሳፍረው ይመሩ ነበር። ውቅያኖሱን በሚያቋርጡበት በአብዛኛው መንገድ አጃቢያቸው «ስካርቦሮ» የተባለች አንዲት አነስተኛ የጦር መርከብ ብቻ ነበረች።

ቅፍለቱ ወደ ብሪታንያ ሲቃረብ ሌሎች አጃቢዎች መጡ። ሆኖም አዛዦቻቸው አብረው ተለማምደው አያውቁም፤ ጥቃት ቢደርስ ማን ምን እንደሚያደርግ የጋራ ዕቅድ አልነበራቸውም። ጀርመኖቹ በአንጻሩ አንዱ ሰርጓጅ ቅፍለቱን ሲያይ ሌሎቹን በሬዲዮ የሚጠራበትን ስልት አደርጅተው ነበር። በኦክቶበር 18 ሌሊት ሰባት ያህል ሰርጓጆች በአካባቢው ተሰባሰቡ። ያጠቁትም በውሃ ላይ ተንሳፍፈው ነው። አጃቢዎቹ የያዙት በውሃ ውስጥ ድምፅን ተከትሎ የሚፈልግ መሣሪያ በውሃ ላይ ያለውን ሰርጓጅ አያገኝም፤ ራዳርም አልነበራቸውም። የዩ-99 አዛዥ ኦቶ ክሬችመር በመርከቦቹ ሰልፎች መካከል ገብቶ ከቅርብ ርቀት ይተኩስ ነበር።

ሲነጋ የቅፍለቱ ሰልፍ ፈርሷል። በጠቅላላው ጉዞ ከ35ቱ 20 መርከቦች ጠፉ፤ የሚበዙት በዚያች አንዲት ሌሊት ነው። የጭነቱ ዓይነት የሰውን ዕድል ወሰነ። የብረት ማዕድን የጫነችው «ክሪክኸርክ» ከነሠራተኞቿ ሁሉ ሰጠመች። ብረት የጫነችው «ፊስከስ» አንድ ሰው ብቻ ተረፈላት። እንጨት የጫነችው የኖርዌይዋ «ስኔፍዬልድ» በዩ-99 ብትመታም እንጨቱ ስላንሳፈፋት ሠራተኞቿ ሁሉ ሕይወታቸውን አተረፉ። «ብሉቤል» የተባለችው አጃቢ ከባሕር ያወጣቻቸው ሰዎች ከ200 በላይ ስለነበሩ ለራሷ ሠራተኞች የሚበቃው ቦታ ሁሉ ሞላ።

«ስኔላንድ 1» ደረሰች። በዚህ ቅፍለት ታሪክ ውስጥ የእርሷ ድርሻ ይህች አንዲት ቃል ናት። ተመራማሪዎች ስለ ኤስሲ 7 በጻፉት ሁሉ ክሬችመር እንዴት እንደተኮሰ በዝርዝር ይነበባል፤ 15ቱ መርከቦች እንዴት እንዳመለጡ ግን ከዝርዝር ሠንጠረዥ አይዘልም። ከነዚያ 15 መርከቦች የተራገፈው ጭነት ግን በዚያ መጸው ብሪታንያ ከፈለገችው አንድ ክፍል ነበር።

ከከሰል ምድጃው ፊት

ይህን ዓይነት መርከብ ለመረዳት ወደ ታች፣ ወደ ከሰል ምድጃው መውረድ ያስፈልጋል። በእንፋሎት መርከብ እሳት አንዳጆቹ በፈረቃ አራት ሰዓት ሠርተው ስምንት ሰዓት ያርፋሉ። ከሰሉን በአካፋ ወደ ምድጃው ይወረውራሉ፣ አመዱን ጠርገው ያወጣሉ፣ የእንፋሎቱ ግፊት እንዳይወርድ መለኪያውን ይጠብቃሉ። ግፊቱ ከወረደ መርከቧ ከሰልፉ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከሰልፍ የቀረች መርከብ ደግሞ ለሰርጓጅ ቀላል ምርኮ ናት። እሳቱ በአግባቡ ካልነደደ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ጭሱም ከሩቅ ይታይና መላውን ቅፍለት ያጋልጣል። ስለዚህ የአንድ አንዳጅ የአካፋ አያያዝ የብዙ መርከቦችን ደኅንነት ይነካ ነበር።

ሥራው የሚሠራው ደግሞ ከባሕሩ ወለል በታች፣ የቀጭን ብረት ግድግዳ ብቻ ከውሃው በሚለይበት ቦታ ነው። ቶርፔዶ የመርከቧን ጎን ሲመታ በማሽን ክፍሉ ያሉት ሰዎች መውጫ የብረት መሰላል ብቻ ነው። ከላይ ያሉት ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ መንሳፈፊያቸውን ከአጠገባቸው ሳይለዩ ይተኛሉ። ጎረቤት መርከብ ስትመታ የቀሩት እንዳይቆሙ ታዘዋል፤ የቆመች መርከብ ሁለተኛ ዒላማ ትሆናለችና። የወደቁትን ብቻ እንዲያነሡ የተመደቡ አድን መርከቦች ከቅፍለቶች ጋር መጓዝ የጀመሩት ከ1941 መግቢያ ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ባሕር ውስጥ ሲጮኽ እየሰሙ አልፎ መሄድ የሥራው ግዴታ ነበር።

በዚህ ላይ ኖርዌያውያኑ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጉዞው ሲያልቅ ቤቱ ይገባል፤ ኖርዌያዊው ግን አገሩ ተይዟል። በአብዛኛው ለአምስት ዓመት ቤተሰቡን አላየም፤ ወሬም የሚደርሰው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ምሽት

በሜይ 4 ቀን 1945 ጀርመናዊው አድሚራል ካርል ዶኒትዝ ሰርጓጆቹ ሁሉ ውጊያ እንዲያቆሙ አዘዘ። በሜይ 7 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ ጀርመን በፈረንሳይዋ ራንስ ከተማ የእጅ መስጫውን ሰነድ ፈረመች፤ ተኩስ በየግንባሩ የሚቆመው በማግሥቱ ሜይ 8 ማብቂያ ላይ ነበር። በዚያው ሜይ 7 «ስኔላንድ 1» ኢኤን 491 በተባለ የስኮትላንድ ጠረፍ ቅፍለት ውስጥ ነበረች። ቅፍለቱ መነሻው ሜቲል፣ መድረሻው ቤልፋስት ነበር። ቁጥሩ ራሱ የዚህ ዓይነት ጉዞ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይጠቁማል።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ በፎርዝ ባሕረ ሰላጤ አፍ፣ በሜይ ደሴት አጠገብ፣ በኤሚል ክሉስማየር የሚታዘዘው ዩ-2336 ሁለት ቶርፔዶ ተኮሰ። ይህ ዓይነት ትንሽ ሰርጓጅ የሚይዘው ሁለት ቶርፔዶ ብቻ ነው፤ ሁለቱም መቱ። አንዱ «ስኔላንድ 1»ን፣ ሌላው «አቮንዴል ፓርክ» የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ አሰጠመ። ከ«ስኔላንድ 1» ሰባት፣ ከ«አቮንዴል ፓርክ» ሁለት ሰዎች ሞቱ። በአውሮፓ በተካሄደው ጦርነት በጀርመን ሰርጓጅ የሰጠሙ የመጨረሻዎቹ የንግድ መርከቦች እነዚህ ናቸው። ዩ-2336 ለዚህ ጉዞ የተነሣው ከኖርዌይዋ የላርቪክ ወደብ ነበር። በማግሥቱ በኖርዌይ ያለው የጀርመን ጦር እጁን ሲሰጥና ሕዝቡ በየአደባባዩ ሲወጣ ሰባቱ መርከበኞች በሕይወት አልነበሩም።

የውጊያ ማቆሚያው ትእዛዝ ለዩ-2336 አልደረሰም የሚለው ማብራሪያ የተለመደ ነው። ለዚህ ጥናት ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። «ስኔላንድ 1» በስም የምትታወቀው በዚህች አንዲት ምሽት ነው። ከኦክቶበር 1940 እስከ ሜይ 1945 ያሉት ዓመታት ከመጨረሻዋ ደቂቃ ጋር ሲመዘኑ ክብደት የሌላቸው ሆነው ቀርተዋል።

ሒሳቡን ማን ይይዛል?

ቁጥሮቹ ሌላ ነገር ይናገራሉ። በጦርነቱ ዘመን ወደ ብሪታንያና ከብሪታንያ በተጓዙ 2,889 ያህል የታጀቡ የንግድ ቅፍለቶች 85,775 የመርከብ ጉዞዎች ተደርገዋል፤ በነዚህ ጉዞዎች የሰጠሙት 654 ናቸው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ግን የመርከበኛውን አደጋ አያሳንስም፤ አንድ ሰው በየወሩ ስለሚጓዝ አደጋው ይጠራቀማል። በኖርትራሺፕ ሥር ያገለገለው የኖርዌይ ኃይል ብቻ ወደ 500 የሚጠጉ መርከቦችና ከ3,000 በላይ ሰዎች አጥቷል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ሲነበቡ ድሉ የተገኘው በመድረስ መሆኑ፣ የመድረስም ዋጋ ምን ያህል እንደነበር ይታያል።

የኖርዌይ መንግሥት ይህን ሒሳብ ለመቀበል ረጅም ጊዜ ወስዷል። በ1940 ከብሪታንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ለኖርዌይ መርከበኞች የሚከፈለው የጦርነት አበል ከእንግሊዛውያኑ እንዳይበልጥ ተቀነሰ፤ ልዩነቱ በሚስጥር ፈንድ ተቀመጠ። መርከበኞቹ ገንዘቡ ከጦርነቱ በኋላ ለእነርሱ ይከፈላል ብለው ጠበቁ፤ አልተከፈለም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 ወሰነባቸው። ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ እንቅልፍ ያጡ፣ ሥራ መያዝ ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ፤ የኖርዌይ ሐኪሞችም ይህ ሕመም መሆኑን ጊዜ ወስደው ነው ያወቁት። ለመንግሥቱ እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የተከፈላቸው ተቀጣሪዎች ነበሩ፤ ውሉም አብቅቷል።

በ1972 የኖርዌይ ፓርላማ ሐሳቡን ለወጠ። እያንዳንዱ መርከበኛ በጦርነቱ ባገለገለበት ወር 180 ክሮነር ታሰበለት። የገንዘቡ መጠን ትንሽ ነው ማለት ይቻላል፤ የስሌቱ መሠረት ግን ትክክል ነበር። መርከቡ ሰጠመ አልሰጠመ፣ ቆሰለ አልቆሰለ ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ስንት ወር ባሕር ላይ ቆየህ ብሎ ነው። በ2013 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሯ በመንግሥት ስም መርከበኞቹን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

ማጠቃለያ

ከ«ስኔላንድ 1» ታሪክ የሚገኘው ፍርድ ይህ ነው። የንግድ መርከብን አገልግሎት በመጨረሻዋ ደቂቃ መመዘን ለሰርጓጁ አዛዥ መዝገብ ይመች ይሆናል እንጂ ለመርከቧ አይገባም። ፓርላማው በ1972 የወሰደው የወራት መለኪያ ለታሪክ ጸሐፊም ይበጃል፤ የወደብ መዝገብ፣ የጭነት ሰነድና የቅፍለት ሠንጠረዥ ከሰርጓጆች የውጊያ ማስታወሻ እኩል ሊነበቡ ይገባል። ስለ አትላንቲክ ቅፍለቶች የሚጻፍ ጥናት የሰጠሙትን ሲዘረዝር የደረሱትንም፣ ያመጡትንም ካልጻፈ የጦርነቱን ውጤት እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም።